ከባሕር ዳር በአስጎብኚ መሪነት ከአስፋልት ወጥቶ መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጣናን በጀልባ ያያል፣ ከተማዋን በባጃጅ ይዞራል፣ ከዚያም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከአስፋልቱ ወጥቶ በፒስታና በአፈር መንገድ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ ወይም እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ መጓዝ ግን ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስቡ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

በመኪና የት የት መሄድ ይቻላል?

በቅርብ ርቀት ሁለት ቦታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው፣ በቡና ደንና በጥንታዊ ገዳማት የታወቀው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ነው። ራቅ ማለት የሚፈልግ ሰው በጎንደር መንገድ ወደ ፎገራ ሜዳ ሄዶ የሩዝ ማሳዎቹንና የፎገራን ከብት ያያል፤ ከዚያም አልፎ እንፍራንዝ አካባቢ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል የሚመለከተውን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሠርፀ ድንግል የተሠራውን የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይጎበኛል። ከሁሉ የሚርቀውና የሚከብደው ወደ ሰከላ፣ የዓባይ ምንጭ ወዳለበት ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደው ጉዞ ነው።

በአንድ ቀን ሁለት አቅጣጫ የሚያጣምር ፕሮግራም የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ አይቀበሉት። ጧት ጢስ ዓባይ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጌ ማለት በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን ቀኑ በመኪና ወንበር ላይ ያልቅና ሁለቱንም ሳያዩ ይመለሳሉ።

የትኛው ወቅት ይመረጣል?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች የሚበልጥ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም መንገዱን የሚያደርቀው ወቅት ፏፏቴውንም ስለሚያሳንሰው ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ፏፏቴው በኃይል ቢወርድም የአፈር መንገዶቹ በጭቃ ይታሠራሉ፤ የርብና የጉማራ ወንዞችም ፎገራን አልፎ አልፎ ያጥለቀልቋታል። በተቃራኒው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት መንገዱ ደረቅና አቧራማ፣ ውኃው ደግሞ ቀጭን ይሆናል።

ሁለቱ የሚታረቁት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ዝናቡ ያቆማል፣ መንገዱ ይጠነክራል፣ ወንዙ ገና አልጎደለም፣ ማሳዎቹም በጤፍና በኑግ ተሸፍነው ይታያሉ። ኑጉ ሲያብብ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ቢጫ ሆኖ ይዘረጋል፤ ይህን ለማየት ብቻ እንኳ ጉዞውን ወደ ጥቅምት ማሸጋገር ተገቢ ነው እላለሁ። ፎቶ ለማንሣት ለሚመጣ ሰው ጥር የሚሻልበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የጥምቀት በዓል ነው። ያኔ ግን ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ ግድ ይሆናል።

ጢስ ዓባይ አሁን ውኃ አለው ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በፎቶ ያዩትን ፏፏቴ ፈልገው ሄደው ቀጭን ጅረት ብቻ ያገኙ ብዙዎች አሉ። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ብዙ ውኃ ወደ ቦይ ይስብ ስለ ነበር በበጋ ገደሉ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሲጀምር ደግሞ ከሐይቁ በቀጥታ በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ የሚሄደው ውኃ ተጨመረ፤ በዚሁ ምክንያት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በመጠባበቂያነት መያዝ ጀመሩ። ስለዚህ በበጋ በፏፏቴው የሚወርደው መጠን በዝናቡ ብቻ አይወሰንም፤ ከጣና መውጫ ላይ ባለው ግድብ በሚለቀቀውና ማመንጫዎቹ በሚወስዱት ውኃም ይወሰናል።

ፏፏቴው ከ37 እስከ 45 ሜትር ከፍታ አለው ተብሎ ይገመታል፤ በክረምት ሲሞላ ወርዱ 400 ሜትር ይደርሳል። ጥሩ አስጎብኚ በዋዜማው ጢስ ዓባይ ከተማ ለሚኖር ሰው ደውሎ «ዛሬ ውኃው እንዴት ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ስልክ ሳይደውል «ሁልጊዜ ያምራል» ከሚል ሰው ጋር አይሂዱ።

ውኃው ትንሽ ቢሆንም እንኳ ቦታው ባዶ አይደለም። መኪናው ከቆመበት በእግር ወርደው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራሉ፤ ቀጥሎ ዳገቱን ወጥተው ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያያሉ። በሽቦ የተንጠለጠለው የእግረኛ ድልድይም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ዙሩን በእርጋታ ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይያዙ፤ ዳገቱ ድንጋያማ ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይስማማውም።

የግድ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና መከራየት አለብኝ?

በበጋ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ አያስፈልግም፤ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ሚኒባስ ይበቃል። ላንድ ክሩዘር ካልተከራያችሁ አትደርሱም የሚል ደላላ ገንዘብዎን እንጂ ምቾትዎን አያስብም። በክረምትና በመስከረም መጀመሪያ ግን፣ እንዲሁም ወደ ሰከላ ወይም ከዋናው መንገድ ርቀው ወደ ውስጥ ለሚገቡ፣ ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የግድ ነው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ሜዳዎች፣ በተለይም በፎገራ፣ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲነካው ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ በጎማው ጥርሶች መካከል እየተጣበቀ ይሞላቸዋል፤ ጎማው ለስላሳ ሲሊንደር ሆኖ በቦታው መሽከርከር ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን ነዳጅ መርገጥ መኪናውን ይበልጥ ያሰምጠዋል። ልምድ ያለው ሾፌር ያኔ ሞተሩን ያሳርፋል፣ ወርዶ ጭቃውን ከጎማው ያራግፋል፣ ድንጋይና ቅጠል ያነጥፋል፣ ከዚያ በዝቅተኛው ማርሽ በቀስታ ይወጣል። ከመነሣትዎ በፊት መኪናው ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋና ጠንካራ ገመድ መያዙን በዓይንዎ ይዩ፤ ትርፉ ጎማ አየር እንዳለውም ረገጥ ረገጥ አድርገው ይሞክሩት።

ሾፌሩ መንገዱን ካወቀ አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል?

ሾፌር መንገዱን ያውቃል፤ አስጎብኚ ግን ሰዉን ያውቃል። ከአስፋልት የወጣ መንገድ በአብዛኛው የአንድ ሰው ማሳ ድንበር፣ የከብት መንጃ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ለማለፍ ቆሞ ሰላምታ መስጠት፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ መናገር፣ አንዳንዴም ገበሬው አርሶ እስኪዞር መጠበቅ ያስፈልጋል። «እንዴት ዋላችሁ፣ በሬዎቹ በርትተዋል?» ብሎ የሚጀምር ሰው እና ጥሩምባ እየነፋ የሚያልፍ ሰው በዚያው መንገድ ላይ የሚያገኙት አቀባበል አንድ አይደለም።

ከዚህም ሌላ አስጎብኚው በየገዳሙ የአገልግሎቱን ሰዓት፣ የትኛው ቄስ ወይም መምህር ቁልፉን እንደያዘ፣ የመግቢያው ክፍያ የት እንደሚከፈልና ደረሰኙ ከማን እንደሚወሰድ ያውቃል። በጢስ ዓባይና በዘጌ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አስጎብኚዎች ስላሉ ከባሕር ዳር አስጎብኚ ይዘው ቢሄዱም አንድ የአካባቢ ሰው መጨመር ተገቢ ነው። ከቱሪዝሙ የሚገኘው ገቢ ቦታውን ለሚጠብቀው ሰው ካልደረሰ ቦታው የሚጠበቅበት ምክንያት አይኖርም። አስጎብኚው የፈቃድ መታወቂያ እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕጋዊው ሰው ሳይጠየቅ ያሳያል።

ወደ ዘጌ በመኪና ይሻላል በጀልባ?

በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር እስከ አንድ ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ በመኪናም ቢሆን መንገዱ ደረቅ ከሆነ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። እኔ የምመክረው በመኪና ሄዶ በጀልባ መመለስን ነው፤ መኪናው ባዶውን ይመለሳል፣ እርስዎ ደግሞ ጉማሬዎች በብዛት የሚታዩበትን፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ ከሩቅ እያዩ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጀልባውን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚንሳፈፍ ጃኬት መኖሩንም ያረጋግጡ።

በመኪና መሄድ ጥቅሙ ዘጌን ከጀርባዋ ማየት ነው። በጀልባ የሚመጣ እንግዳ ወደቡ ላይ ወርዶ፣ የመታሰቢያ ዕቃ በሚሸጡ ሰዎች መካከል አልፎ፣ ገዳሙን አይቶ ይመለሳል። በመኪና የመጣ ግን መንገዱ ባበቃበት ወርዶ በቡናው ደን ውስጥ ይሄዳል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ሆኖ በመቆየቱ ደኑ አልተመነጠረም፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በመከር ወራት ቀይ ፍሬው በየደጃፉ ተሰጥቶ ሲደርቅ ያያሉ፤ ከፀሐይ ወጥተው ደኑ ውስጥ ሲገቡ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ከገዳማቱ መካከል ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይበልጥ ይታወቃሉ። በዑራ ክብ ቅርጽ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። አስጎብኚው ሁሉንም ላስረዳ ቢል ስለሚደክምዎ አንዱን ሥዕል መርጠው ረጋ ብለው ይመልከቱ። ለምሳሌ የበላዔ ሰብን ታሪክ ያሳይዎ፤ ብዙ ሰው የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ፣ ነፍሱ በሚዛን ላይ ስትቀመጥ ጥርኟ ውኃ ኃጢአቱን ስትመዝን የሚያሳየው ሥዕል ነው። ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ በየካቲት 16 በዓል የሰማ ሰው እንኳ በሥዕል ሲያየው ቆም ይላል።

ሴቶች ወደ ገዳማቱ ሁሉ መግባት ይችላሉ?

ከላይ ወደ ተጠቀሱት የዘጌ ገዳማት ይገባሉ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ካሉት መካከል ግን ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንድ ብቻ ናቸው። በደቅ ደሴት ያለውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሴቶችንም ያስተናግዳል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ለወንድም ለሴትም ግድ ነው፤ ሴቶች ነጠላ ቢይዙ መልካም ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ስለዚህ ካልሲ ይያዙ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም።

በመንገድ ላይ የሞላ ወንዝ ቢያጋጥመንስ?

መጠበቅ ነው። ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ቆላው ላይ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በእግር የተሻገሩበት ጅረት መኪና ሊወስድ ይችላል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ደራሽ ውኃ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጎድላል። ሾፌሩ ወርዶ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ፣ ጥልቀቱን በዱላ ለክቶ ካልሆነ በቀር መኪናው ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባም እኩል ፍጥነት ይዞ ሳይቆም መውጣት አለበት። ተሳፋሪው «እንሂድ፣ ይመሻል» እያለ ሾፌሩን ማጣደፉ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። ሾፌሩ አልሻገርም ካለ ቃሉን ያክብሩለት።

የጸጥታው ሁኔታ እንዴት ነው?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ከከተማ ውጪ የሚደረግ ጉዞ ቀን በቀን የሚለዋወጥ ሁኔታ አለው። ስለዚህ ማንም ሰው ከሳምንት በፊት የሰጠዎትን ማረጋገጫ እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። በዋዜማውና በጉዞው ዕለት ጧት በከተማው ያለውን የቱሪዝም ቢሮ፣ ያረፉበትን ሆቴልና የሚሄዱበትን አካባቢ ነዋሪ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይጠይቁ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተጠራጠረ ጉዞውን ይተዉት። የውጭ አገር ዜጋ ከሆኑ ኤምባሲዎ የሚያወጣውን ማሳሰቢያም ያንብቡ። መንገድ ክፍት በሆነበት ጊዜም ቢሆን ከጧቱ 1 ሰዓት ተነሥተው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከተማ መግባትን ሕግ ያድርጉት፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት በእጅዎ ይኑር፤ ኬላ ላይ አስጎብኚው ይናገር።

ዋጋው ምን ምን ያጠቃልላል?

የነዳጅና የመኪና ኪራይ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አኃዝ መጻፍ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ምን እንደተካተተ መጠየቅ ነው። ናፍጣው፣ የሾፌሩ ውሎ አበል፣ የአስጎብኚው ክፍያ፣ የመግቢያ ትኬት፣ የጀልባ ማሻገሪያ፣ የቪዲዮ ካሜራ ክፍያና የምሳ ወጪ እያንዳንዳቸው በማን በኩል እንደሆኑ በወረቀት ይጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቀብድ ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከከተማ ከወጡ በኋላ በካርድም ሆነ በሞባይል መክፈል ሊያስቸግር ስለሚችል ዝርዝር ብር ይያዙ።

አረጋውያን፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች መሄድ ይችላሉ?

ነፍሰ ጡር ሴትና የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ኮረኮንቹን መንገድ ቢተዉት ይሻላል፤ ዘጌን በጀልባ ማየት ይችላሉ። አረጋውያን በጋቢና ወይም በመካከለኛው ወንበር ቢቀመጡ ንቅናቄው ይቀንስላቸዋል። ከኋላ ያለው የጎን ወንበር ለማንም ሰው ለረጅም መንገድ አይመከርም። በጢስ ዓባይ ዳገቱ የሚከብዳቸው ሰዎች በወንዙ በኩል በትንሽ ጀልባ ተሻግረው አጭሩን መንገድ እንዲሄዱ አስጎብኚውን ይጠይቁ፤ ይህ የሚሆነው ግን ወንዙ ባልሞላበት ጊዜ ብቻ ነው።

ለጤናዬ ምን ልጠንቀቅ?

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችና ወባ የሚገኝባት አካባቢ ናት፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር በአጎበር መተኛትና ማታ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳርቻ ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ውኃው ቢማርክዎትም አይዋኙ፣ እግርዎንም አይንከሩ። ለጉማሬ ከሩቅ መቆም እንጂ መቅረብ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር የታሸገ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ለአቧራው ሻሽ ወይም ማስክ፣ ለክረምት ደግሞ የዝናብ ልብስ ይያዙ። ምሳ ከከተማ አስቋጥሮ መሄድ ጥሩ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በገጠር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የጾም ምግብ ብቻ ነው።

ፎቶና ድሮንስ?

ሰው ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አያብሩ፤ ለዘመናት የቆየውን ቀለም ይጎዳል። የኃይል ማመንጫዎችንና የጸጥታ ኃይሎችን አያንሡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል።

ለልጆች ብር ወይም ከረሜላ ብሰጥ ችግር አለው?

አለው። መኪና ባዩ ቁጥር እየሮጡ የሚከተሉ ልጆች ጎማ ሥር የመግባት አደጋ አለባቸው፤ ለምነው ያገኙት ብርም ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል። መርዳት ከፈለጉ ልጆቹ ወይም ወላጆቻቸው ከደንገል የሠሩትን ትንሽ ታንኳ ይግዙ፤ ወይም ደብተርና እርሳስ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ያስረክቡ። መኪናው በመንደር ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ሾፌሩን ደጋግመው ያስታውሱት፤ በመንገድ ዳር ወፍጮ ቤትና እህል የተሰጣበት ደጅ አለና አቧራው የሰው እንጀራ ላይ ይወርዳል።

በማሳ ላይ መንዳት ይቻላል?

አይቻልም። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ረግረጉ የውኃ ወፎች መራቢያ፣ ሜዳው ደግሞ የገበሬ መተዳደሪያ ነው። ሐይቁ እምቦጭ የተባለው አረም ከወረረው ወዲህ ዳርቻው ብዙ ተጎድቷል፤ ጎማ የረገጠው ረግረግ ቶሎ አያገግምም። መንገድ ከተበላሸ መኪናውን አቁሞ ቀሪውን በእግር መሄድ ነው። ጭቃውን ሸሽቶ በማሳ ጎን አዲስ መንገድ የሚያወጣ ሾፌር ለሚቀጥለው መኪና ሁሉ ያንን ማሳ መንገድ ያደርገዋል።

ግሽ ዓባይን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ሰዎች ሞክረውታል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሰከላ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ስለሆነ ይበርዳል፤ የመጨረሻው ክፍል በዝናብ ጊዜ እጅግ ይከብዳል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የጎበኙት ይህ ምንጭ ለአካባቢው ሰው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ነው። ስለዚህ ወደ ምንጩ የሚጠጋ ሰው እንደማንኛውም ጠበልተኛ ቁርስ ሳይበላ በማለዳ እንዲመጣ ይጠበቃል፤ ከባሕር ዳር በዕለቱ ለሚነሣ ሰው ይህ አይመችም። በዋዜማው እዚያው ወይም በእንጅባራ አድረው ጧት ቢሄዱ ሥርዓቱንም ያከብራሉ፣ ቦታውንም በሰላም ያያሉ።

ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዴ ይመለሳል?

በመጀመሪያ ያልተነጋገሩበት ነገር በኋላ ያጣላል። በዝናብ፣ በመንገድ መዘጋት ወይም በጸጥታ ምክንያት ከተሰረዘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር፣ እርስዎ ራስዎ ከተዉት ደግሞ ምን ያህል እንደሚቀነስ በውሉ ወረቀት ላይ ይጻፍ። መኪናው በመንገድ ቢበላሽ ምትክ የሚልከው ማን እንደሆነና ስልኩም እዚያው ላይ ይስፈር። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ለእርስዎ፣ አንድ ቅጂ ለሾፌሩ ያድርጉ።